«ማነው?» የማይባልበት ቀዳዳ

በእኛ አገር በር ሲንኳኳ መጀመሪያ «ማነው?» ይባላል። ይህን አፉን ገና የፈታ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እናቱ ጓሮ ልብስ እያጠበች ከሆነ እሱ ዳዴ እያለ በሩ ድረስ ሄዶ «ማነው?» ይላል። ከውጭ ያለው ሰውም «እኔ ነኝ» ይላል። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያስረዳል ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ምንም አያስረዳም። ግን ድምፁ ይታወቃል፣ በሩ ይከፈታል። ድምፁ ካልታወቀ ደግሞ «አንተ ማነህ?» ይከተላል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሕዝባችን ቂል እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ቂል አይደለም። «ማነው?» የማይባልበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረን፤ እሱም በእኔ ግራ ጆሮ አጠገብ ነበር።

ስሜ ስንሻው ነው፤ ሥራዬ ሞካሪነት። ለከተማችን የሚመጣው ውሃ ከምንጩ በአንድ ቦይ ይወርድና ሙከራ ቤት ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ላይ ሰፈር፣ አንዱ ወደ ታች ሰፈር። ለማን መቼ እንደሚለቀቅ ጸሐፊዎች ትእዛዝ ይጽፋሉ። ትእዛዙ ወደ ከተማው ከመውጣቱ በፊት ግን መሞከር አለበት፤ ስህተት ካለበት ሰው ቤት ጎርፍ ይገባላ! መስመር በመስመር እያነበበ የሚሞክረው ሰው እኔ ነኝ።

ድሮ ሙከራው ጨዋታ ነበር። ወለሉ ላይ በጭቃ የተሠራች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ከእንጨት የተጠረቡ ቁልፎች ነበሩ፤ ውሃው ከማሰሮ ይቀዳ ነበር። ሙከራው ሁልጊዜ ያምራል። እውነተኛው ውሃ ሲለቀቅ ግን አንዴ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ አንዴ ሰፈር ሙሉ ይደርቃል። ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኮሚቴውም ችግሩን አገኘው፤ ሙከራው እውነቱን አይመስልም። ስለዚህ የጭቃዋ ከተማ ፈርሳ ተጣለች፣ የእንጨቱ ቁልፍ ማገዶ ሆነ፣ እውነተኞቹ ቁልፎች ከቁልፍ ቤት መጥተው የሞካሪው መቀነት ላይ ተንጠለጠሉ፣ እውነተኞቹ የቦይ መዝጊያዎችም ፊት ለፊቱ ተተከሉ። ከዚያ ወዲህ የተሞከረው ሁሉ የተፈጸመ ሆነ። ስሙ ግን አሁንም ሙከራ ነው፤ ሙከራ ስለሆነም ጠባቂ አልተመደበለትም። ሙከራ ማን ይሰርቃል?

ጠባቂዎችማ አሉ። ከተማው መሀል ባለው አሮጌው ቁልፍ ቤት፣ ባዶ ምስማሮች የተደረደሩበትን ግድግዳ ጦር ይዘው ይጠብቃሉ። ተረኛ ሲለወጥ መለከት ይነፋል። ሰዉ ልጆቹን ይዞ ሄዶ ያያል። እኔም ሞካሪ ከመሆኔ በፊት ሄጄ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ። ትእዛዝ ሲሞከር የሆነ ቦታ ላይ መበላሸቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚመጣው ሰው እንከን ፈላጊ ይባላል። የእኛ እንከን ፈላጊ አቶ አንለይ ናቸው። ድሮ ክፍሉ ድረስ ይገቡ ነበር፤ ግን ሙከራ ቤት ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃ ከእግር ሥር ያልፋል፣ እሳቸው ደግሞ ደረታቸው ደካማ ነው፣ ያስላሉ። ስለዚህ ግድግዳው በሞካሪው ጆሮ ትክክል ተበሳና ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ በዚያ በኩል መናገር ጀመሩ። ለቀዳዳው አራት ቃል ተደነገገለት። «ቁም» ስባል ባለሁበት እቆማለሁ፤ እጄ አየር ላይ ከሆነ አየር ላይ ይቀራል። «ምን ይዘሃል?» ስባል በእጄም በልቤም ያለውን እውነቱን እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ በዚሁ ሥር ይቆጠራል። «ለውጥ» ስባል የተባልኩትን እለውጣለሁ። «ቀጥል» ስባል እቀጥላለሁ።

እኔ ግን ቀዳዳውን አልጠይቅም። በተለይ «ማነው?» ማለት ክልክል ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሞካሪ አንድ ቀን «ማነው?» ብሎ፣ አቶ አንለይ «እኔን ነው ማነው የሚለኝ?» ብለው ተቀይመው ሰንብተዋል ይባላል። ደግሞስ ምን ያስጠይቃል? በቀዳዳ የሚናገር ሰው እንከን ፈላጊ ነው። እንከን ፈላጊ ካልሆነ በቀዳዳ ምን አናገረው?

ይህ ሁሉ ቀዳዳው ግቢ ውስጥ እያለ ነው። በኋላ የአትክልት ገበያው ሞልቶ መተላለፊያ ሲጠፋ ከተማው አጥራችንን አፍርሶ መንገድ አወጣበት። አጥሩ ሄደ፣ ቀዳዳው ቀረ። ቀዳዳ ደግሞ ተሸክመውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በመንገዱ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞካሪ በበጋ ከሙከራ ቤት አይወጣም፤ ቁልፎቹ መቀነቱ ላይ ናቸው። ምግቤ በበሩ ሥር ባለች ክፍተት ይገባል፤ የሚያስገባውን ሰው እጁን እንጂ ፊቱን አላውቅም። ወሬ ከትእዛዝ ጋር እንዳይቀላቀል ተብሎ ማንም አያናግረኝም። ክረምት እስኪገባ ድረስ ስሜን የሚጠራ የለም። እንዲህ ለሚኖር ሰው መንገድ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ከቀዳዳው ሥር እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ሽንኩርት ሻጭ ጉሊት ዘርግተው ነበር። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፤ ግን ከአንዲት ፍየል ጋር ሲጣሉ ስንት ጊዜ አፌን በእጄ አፍኜ ስቄያለሁ። «ሂጂ አንቺ ቀላል! የሰው ሽንኩርት በልተሽ ደግሞ ትገላምጪኛለሽ?» ይሏታል። ሲመሽ ዕቃቸውን እያነሡ ለጎረቤታቸው «ደህና እደሪ» ይላሉ። እኔም በልቤ «ደህና ይደሩ» እላለሁ።

ዘመድ የለኝም ማለቴ ግን አይደለም። እህት አለችኝ፤ እማዋይሽ። ታላቄ ናት፣ እኔ እታለም እላታለሁ። ታች ሰፈር፣ ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ የበርበሬ ችግኝ እያፈላች ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ክረምት በመጣ ቁጥር የምሄደው እሷ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ሰንብቼ ስመለስ በሩ ላይ አቆመችኝ።

«ስንሻው» አለችኝ፣ «ውሃው እየተቆራረጠ አምናም ካቻምናም ግማሹ ችግኝ ጠወለገብኝ። ዘንድሮም ከደረቀ እኔ ወንዙን ተሻግሬ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ማዶ ነዋ! ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት።»

«ማዶ የሄደ መቼ ተመለሰና?»

«እሱን ለውሃው ንገረው» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ካለ እሷ ማን አለኝ?

ስለዚህ ያን በጋ የታች ሰፈርን ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር ለእሷ ነበር የማዞረው። የምከፍተው ለሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ግን ውሃው በልቤ አብሬው እየሄድኩ ቦዩ መጨረሻ ድረስ አደርሰው ነበር። «አሁን የወፍጮ ቤቱን አለፈ፣ አሁን የሾላውን ዛፍ አለፈ፣ አሁን ገባላት» እያልኩ።

በበጋው አጋማሽ አዲስ ድምፅ መጣ። ረጋ ያለ፣ ምሳውን በደንብ የበላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ቁም» አለኝ። ቆምኩ።

«ምን ይዘሃል?»

«የታች ሰፈርን ቁልፍ።»

«ሌላስ?»

«የላይ ሰፈሩ መቀነቴ ላይ አለ። የዋናው ቦይም አለ።»

«በሩን ማን ይጠብቃል?»

«ማንም። ሙከራ ነው።»

«ጎበዝ» አለ። «ቀጥል።»

ሄደ። «ጎበዝ» ከአራቱ ቃላት ውስጥ የለም። አቶ አንለይ አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። እርግጥ ነው፣ አቶ አንለይ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ያስላሉ፤ ይሄኛው አንዴም አልሳለም። እሱንም አስተውያለሁ። ደረታቸው ተሽሏቸው ይሆናል አልኩ። አራቱን ቃላት ከየት አመጣቸው አትበሉኝ፤ አቶ አንለይ በቀዳዳው ሲናገሩ ጮክ ብለው ነው፣ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል።

በማግስቱም መጣ።

«ቁም። ምን ይዘሃል?» አለና መልሴን ሳያስጨርሰኝ፣ «ብቻህን ነህ?»

«አዎ።»

«አይሰለችህም?»

እውነቱን መናገር ሕግ ነው። «ይሰለቸኛል» አልኩ። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

«አይዞህ» አለኝ። «ታች ሰፈር ሰው አለህ?»

«እህቴ አለች።»

«ምን ትሠራለች?»

«በርበሬ ታፈላለች።»

«ደግ» አለ። «አሁን ለውጥ። የታች ሰፈሩን ቁልፍ መልሰው፤ የላይ ሰፈሩን ያዝ፤ ክፈት።»

ከፈትኩ። ለውጥ ሲባል መለወጥ ነው፤ አቶ አንለይም ብዙ ጊዜ ያስለውጡኛል። አንድ ቀን ቢሆን እንከን ተገኝቶ ነው ይባላል። ግን የታች ሰፈር ተራ በደረሰ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣል፣ ደህንነቴን ይጠይቀኛል፣ አይዞህ ይለኛል፣ ውሃው ወደ ላይ ሰፈር ይሄዳል። ላይ ሰፈር ምን እንደሚያደርጉበት ከእትዬ ይርገዱ ሰማሁ። «ሣር ያጠጡበታል አሉ» ሲሉ ለጎረቤታቸው። «ሣሩ ለከብት አይታጨድ፣ ሰው አይቀመጥበት፤ ይታያል ብቻ። ወይ ጉድ!» የእህቴ መደብ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

የሙከራ ቤቱ ሹም አቶ ዘርጋው ይባላሉ። አልፎ አልፎ በሩ ድረስ መጥተው ቁልፎቹ መኖራቸውን ይጠይቃሉ፤ ከእሳቸው ጋር መነጋገር ይፈቀድልኛል። እንደመጡ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ጌታዬ፣ በቀዳዳው የሚያናግረኝ ሰው አቶ አንለይ አይመስሉኝም።»

«ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«አላውቅም። መጠየቅ ክልክል ነው።»

«ልክ ነህ፣ ክልክል ነው» አሉ፤ ደስ አላቸው። «ቀዳዳው የት ነበር ያለው?»

«መንገድ ላይ።»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ፕላኑን መዘርጋታቸው ነው። «ፕላኑ ላይ ግቢ ውስጥ ነው» አሉ።

«አጥሩ ከፈረሰ ቆየ እኮ ጌታዬ። ሽንኩርት ይሸጥበታል።»

«የት?»

«ከቀዳዳው ሥር።»

«እንግዲያው ሽንኩርቱም የሚሸጠው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የእኛ ሰው ነው። ምን አስፈራህ?»

«ታች ሰፈር ውሃ አላገኘም ጌታዬ!»

«ሙከራ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ በርኅራኄ።

ግን ነገሩን ችላ አላሉትም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ኮሚቴ ጠሩ። በኮሚቴው ውሳኔ የአሮጌው ቁልፍ ቤት ጠባቂዎች ቁጥር እጥፍ ሆነ፣ አዲስ ቆብ ተሰፋላቸው፣ መለከቱም ሁለት ሆነ። እትዬ ይርገዱ ደግሞ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ የሙከራ ቤት ባልደረባ ተብለው ባጅ ተሰጣቸው። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲሉ ሰማኋቸው። «ይሁና፣ እስቲ ፍየሏ ታከብረኝ እንደሆነ።»

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጠዋት ነው። ትእዛዙ «የታች ሰፈርን ክፈት» ይላል። ድምፁ ገና አልመጣም። ዛሬስ ቀድሜው ልክፈት ብዬ በጥድፊያ ቁልፉን መዝጊያው ውስጥ ሰካሁት። ላዞረው ስል፣

«ቁም» አለ።

ቆምኩ። እጄ ቁልፉ ላይ፣ ጉልበቴ ሸብረክ እንዳለ። «ምን ይዘሃል?» የሚለውን ጠበቅሁ። አላለም። ሰው የጠራው መሰለኝ፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» ሲል ሰማሁትና እርምጃው ራቀ። «ቀጥል» ሳይል ሄደ።

እንግዲህ ሕጉን ስሙ። «ቁም» የተባለ ሞካሪ «ቀጥል» እስኪባል አይንቀሳቀስም፤ «ምን ይዘሃል?» ካልተባለ በቀርም አይናገርም። ከተንቀሳቀሰ ወይም ከተናገረ በእጁ ያለው ትእዛዝ ይፈርሳል፣ የዚያ ሰፈር ተራም እስከ ክረምት ይሰረዛል። በእጄ የነበረው የታች ሰፈር ተራ ነው። የእታለም ተራ። ስለዚህ ቆምኩ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ዐረፈች፣ ቆምኩ። ምሳዬ በበሩ ሥር ገባ፣ ሲቀዘቅዝ እያየሁት ቆምኩ። ክንዴ መጀመሪያ አመመኝ፣ ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፣ በኋላ የእኔ መሆኑ ጠፋኝ። «የት ገባ ይሄ ሰውዬ?» እያልኩ ያንኑ የሚዘርፈኝን ድምፅ ናፈቅሁት። ይታያችሁ!

ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ቀዳዳው ውስጥ ሌላ ድምፅ ገባ።

«ስንሻው፣ እኔ ነኝ። እማዋይሽ።»

በዚያ ቀዳዳ ማንነቱን ተናግሮ የገባ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ማንም ሳይጠይቃት። በጋውን ሙሉ ያልሰማሁት ስሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንባ መፍሰሱ መንቀሳቀስ ይሁን አይሁን ሕጉ አይልም።

«ትሰማኛለህ?» አለች። «እኚህ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው በዚህ ይሰማል ያሉኝ።»

ዝም አልኩ።

«መናገር ተከልክለህ ይሆናል። ይሁን፣ እኔ ልናገር። አፌን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ስለፈልፍ ሰው እያየኝ ነው፤ ይየኝ።»

ዝም በል፣ እላለሁ ለራሴ። ተራዋ እጅህ ላይ ነው። አፍህን የከፈትክ ቀን በርበሬዋን ገደልከው። «ምን ይዘሃል?» ብላ ብትጠይቀኝ «ያንቺን ውሃ» እላት ነበር። «ቀጥል» ብትለኝ ቁልፉን አዞረው ነበር። እሷ ግን የሰው ግድግዳ ሥር ቆማ የምታዳምጥ ሴት አይደለችም፤ ቃላቱን ከየት ታውቃቸው?

«በርበሬው ደረቀ ስንሻው» አለች። «አንድም አልተረፈ። ከወንዝ በባልዲ እያመላለስኩ ሞከርኩ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ አልሆነም። ውሃው ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ቦዩ ዳር ተቀምጬ ከረምኩ። ወንድሜ ከላይ ተቀምጦማ እንዲህ አያደርገኝም እያልኩ። አንተን መውቀሴ አይደለም። ትእዛዝ ነው፣ ሥራህ ነው፣ አውቃለሁ። እንካ፣ እየው።»

ቀጭን ነገር ገፋ ገፋ ተደርጎ በቀዳዳው ገባና ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከነሥሩ የተነቀለ የበርበሬ ችግኝ ነው። እንደ ክር ደርቋል።

«ሰዎቹ ዕቃዬን ጭነው እየጠበቁኝ ነው፤ ዛሬ እንሻገራለን። ሳልሰናበትህ ብሄድ ያንገበግበኛል ብዬ ነው የመጣሁት።» ድምፅዋ ይበልጥ ቀረበ። «ደህና ነህ ግን? ስንሻው፣ ደህና ነህ?»

እንግዲህ ችግኙ ደርቋል። ለደረቀ ችግኝ ተራ ምን ያደርግለታል? ዝም የምልበት ምክንያት እዚያው ትከሻዬ ላይ ወድቆ ነበር። ይህ ወዲያው ሊገባህ ይገባ ነበር ትሉኛላችሁ። አልገባኝም። ሰውነቴ ቆሞ ሲውል አእምሮዬም አብሮት ቆሞ ነበር። «ደህና ነህ?» ከአራቱ ቃላት የትኛው እንደሆነ እየፈለግሁ ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ።

«እሺ» አለች። «ደህና ሁንልኝ።»

ያን ጊዜ ጮህኩ። «እታለም! አለሁ! እታለም!»

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ይርገዱ። «ግድግዳው ተናገረ!»

«ያቺን ሴት ይጥሩልኝ! እህቴ ናት!»

«ውይ! ሄደች እኮ የኔ ልጅ፣ አህዮቹ መሀል ገባች። እማዋይሽ! አንቺ ሴት! ኧረ ያቺን ሴት መልሱልኝ!» እያሉ ጉሊታቸውን ጥለው ሲሮጡ ሰማሁ። ድምፃቸው ገበያው ውስጥ ጠፋ። ቆይተው እያለከለኩ ተመለሱ። ፍየሏ ሽንኩርታቸውን ስትበላ ይሰማኛል፤ አልሰደቧትም።

«አጣኋት» አሉ።

አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ። «በዚህ ቀዳዳ የሚያናግረኝ ሰውዬ ማነው?» አልኳቸው።

«ጥሩ ካፖርት የሚለብሰው? አለቃህ አይደለም እንዴ?» አሉ። «መጥቶ ይደገፋል፣ ያዝዝሃል፣ ትታዘዛለህ። አለቃ ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

ከዚያ ቁልፉን አዞርኩት። ተንቀሳቅሻለሁ፣ ተናግሬያለሁ፣ ትእዛዙ መፍረስ ነበረበት። ደወል ይደወላል፣ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልሆነም። መዝጊያው ተነሣ፣ ውሃው ወደ ታች ሰፈር ሄደ፤ ወፍጮ ቤቱን አለፈ፣ የሾላውን ዛፍ አለፈ። ከጠዋት ጀምሮ በማንኛውም ሰዓት ልከፍተው እችል ነበር ማለት ነው። በጋውን ሙሉ እችል ነበር። እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ ውሃው ይጮህ ስለነበር የሰማኝ የለም።

በማግስቱ ያ ድምፅ ተመልሶ መጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ቁም» አለ።

አልቆምኩም፤ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

«ምን ይዘሃል?»

«የደረቀ ችግኝ።»

«ለውጥ» አለ።

«ማነው?» አልኩ።

ተነሥቼ ወደ ቀዳዳው ጠጋ አልኩ።

«ማነው ልበል? አንተ ማነህ?»

ካፖርት ከግድግዳ ላይ ሲላቀቅ ይሰማል። ቀጥሎ እርምጃ፣ ፈጠን ፈጠን ያለ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ያን ሁሉ ውሃ የወሰደብን ሰው እንዲህ በቀላሉ ሄደ።

ቀጥሎ አቶ አንለይ መጡ። ሳሉ፣ «ቁም» አሉ።

«ማነው?»

«ምን አልክ?»

«ማነው ነው ያልኩት።»

«እኔን?» ሳሉ፣ ሳሉ፣ ደገሙ። «እኔን ነው ማነው የምትለኝ?»

«ድምፅዎን አውቄዋለሁ ጌታዬ። ግን እኔ ነኝ ይበሉኝና ልቁም።»

አላሉም። ሄደው ከሰሱኝ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቀዳዳው ይደፈን ያለ ሰው ነበር አሉ፤ «እንከኑስ በምን ይፈለጋል?» ተብሎ አፍሮ ተቀመጠ። የተወሰነው እንዲህ ነው። አቶ አንለይን ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታቸው ቀዳዳው ላይ የቆርቆሮ ጥላ ይሠራ፤ ሥሩም በትልቁ «ለእንከን ፈላጊ ብቻ» ተብሎ ይጻፍ። ተሠራ፣ ተጻፈ። ድሮ ቀዳዳውን ልብ ብሎ የማያውቅ ሰው ሁሉ አሁን ቆሞ ያነበዋል፤ አንዳንዱ ጠጋ ብሎ «ቁም» ይለኝና እየሳቀ ይሄዳል። የጥላው ምሰሶ የሚተከለው እትዬ ይርገዱ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ስለሆነ እሳቸው ከነባጃቸው ወደ ገበያው ሌላ ጫፍ ተዛወሩ። ሲመሽ ደህና እደሪ የሚል ድምፅ የለም። ፍየሏም አብራቸው ሄደች።

እኔ ደግሞ ቀዳዳን በመጠየቄ በክረምትም እንዳልወጣ ተፈረደብኝ። አልተከራከርኩም። በክረምት የምሄደው የት ነበር? ከሥራው ያባርሩኝ እንደሆነ ብዬም ፈርቼ ነበር፤ የሚተካኝ ሰው «ማነው?» እንደማይል አውቃለሁ። ደግነቱ ይህን በርጩማ የሚፈልግ ሌላ ሰው አልተገኘም። ታች ሰፈር አሁን ውሃውን በተራው ያገኛል። ቦዩ መጨረሻ ላይ ማን እንደሚጠቀምበት አላውቅም፤ እሱን ሳስብ ውሃውን ከሾላው ዛፍ በላይ አልከተለውም።

በቀዳዳው ማንም ቢናገረኝ «ማነው?» እላለሁ። አብዛኛው ይሄዳል። አቶ አንለይ እየተበሳጩ ስማቸውን መናገር ለምደዋል። ከወንዙ ማዶ የተመለሰ ሰው የለም ብያችኋለሁ፤ አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ቢሆንም ድምፅ በመጣ ቁጥር ጠይቄ እስኪመልስልኝ ድረስ ልቤ ይመታል። አንድ ቀን «እኔ ነኝ» የሚለኝ እሷ ብትሆን መልሴን ይዣለሁ። በቀዳዳው ለተጠየቁት እውነቱን መናገር ሕግ ነው፤ ያን ሕግ አልሻሩትም። ደህና ነህ ብላ ጠይቃኝ ነበር።

«ደህና አይደለሁም፣ እታለም» እላታለሁ።